የሰው መኪና የማያማው ሰው

አባ ነስሩ መሞቱን የነገረኝ ቁም ሳጥን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ነው። ሜትሩን ዘርግቼ የበሩን ቁመት እየለካሁ ነበር። «ሰማህ ወይ ከማል፣ የሰቶ ሰመሮው መካኒክ ዛሬ ሱብሒ ሶላት ላይ አረፈ» አለኝ። «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩ። ያለው አፌ ነው፤ ልቤ ምንም አላለም። የለካሁትን ቁጥር በእርሳስ ጣውላው ላይ ጻፍኩና ወደ ሚቀጥለው በር አለፍኩ።

ሙት ወቃሽ አትሁን ይባላል፤ አውቃለሁ። በዚህ ሳምንት ጅማ ውስጥ ስለዚህ ሰው ክፉ የሚናገር ከእኔ በቀር የሚገኝ አይመስለኝም። ታማኝ ነበር ይላሉ፣ ቃሉ አንድ ነበር ይላሉ፣ የሰው ሐቅ አይነካም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሰቃ የነበረችኝን የቡና መሬት የበላብኝም ይኸው የሚያወሩለት ታማኝነቱ ነው። በሕይወት ሳለ አንቱ እለው ነበር። አሁን አንቱታውን አንስቻለሁ፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

ጋራዡ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ ሥር ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አራት ምሰሶ፣ በር የሚባል ነገር የለም። ሰውየው ረጅምና ቀጭን ነው። ቀኑን ሙሉ ዘይትና ግራሶ ውስጥ ሲርመጠመጥ እየዋለ ራሱ ላይ የሚደፋት ነጭ ኮፍያ አንድ ቀን እንኳ ቆሽሻ አላየኋትም። መኪና ሊነካ ሲል አውልቆ ዛፉ ላይ በተመታ ሚስማር ይሰቅላታል። ኮፍያዋ ሚስማሩ ላይ እስካለች ድረስ ማንም አያናግረውም። መልሶ ሲያደርጋት ፍርዱ ደረሰ ማለት ነው።

የተዋወቅነው በሰጋቱራ ነው። እኔ ቦሳ አዲስ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት እሠራለሁ። እሱ መሬት ላይ የሚፈሰውን ዘይት የሚያስመጥበት ሰጋቱራ ይፈልግ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጆንያ ይዞ ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይሄዳል። ሃያ ዓመት! በነፃ አልወስድም ብሎ አንድ ቀን የመጋዜን ጥርስ ስሎ ያመጣልኛል፣ አንድ ቀን ለማሽኔ የሚሆን ኩሽኔታ ኪሱ ውስጥ ይዞልኝ ይመጣል። «ነፃ ነገር ሆድ ያሳክካል» ይል ነበር። እኔም እንግዲህ ወዳጅ አለኝ እል ነበር።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሰቃም ከአጋሮም ከሊሙም እሱ ዘንድ ነበር የሚመጣው። ደንብ ነበረው፤ ገዢና ሻጭ አብረው ካልቆሙ መኪና አያይም። ኮፈኑን የሚከፍተው ራሱ ሻጩ ነው። «አንተ ክፈት፤ ያንተ ነው» ይለዋል። ከዚያ በመዳፉ ጀርባ ሞተሩን ይነካል። ሞቆ ካገኘው «ያሞቅከውን መልሰህ ውሰድ፣ ቀዝቃዛውን አምጣልኝ» ብሎ ያባርራል፤ የታመመ ሞተር በሽታውን የሚናገረው ጠዋት ከእንቅልፉ ሲቀሰቀስ ነውና። ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ያመጣል፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

ሲጨርስ ኮፍያውን ያደርግና ሦስት ነገር ብቻ ይናገራል። አሁን የተበላሸውን፣ ዓመት ሳይሞላ የሚበላሸውን፣ ከዚያ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ። ለመለዋወጫ ሦስት ቦታ ነበረው፤ «ጅማ»፣ «አዲስ አበባ»፣ «ዱዓ»። ጅማ ካለ ግዛ ማለት ነው። አዲስ አበባ ካለ ዋጋ አስቀንስ ማለት ነው። ዱዓ ካለ ቁልፉን መልሰህ ሂድ ማለት ነው። «መኪና ዋጋው ሁለት ነው» ይል ነበር፤ «አንዱን ለሻጩ፣ ሁለተኛውን ለራሱ ለመኪናው ትከፍላለህ። በአንደኛው ትከራከራለህ። በሁለተኛው ከማን ጋር ትከራከራለህ?»

አንድ ጊዜ ሰጋቱራ ላደርስለት ሄጄ ሁለት አማቾች ሻጭና ገዢ ሆነው ቆመው አገኘሁ። ሻጩ ጎረምሳ ነው፤ ብዙም አልተነዳችም፣ ኪሎ ሜትሯን እዩት እያለ ይምላል። አባ ነስሩ ኮፍያውን አጠለቀና ጎረምሳውን ዓይን ዓይኑን እያየ «ልጄ፣ ይህቺ መኪና በዕድሜ ትበልጥሃለች። አንቺ አትበላት፣ አንቱ በላት» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጎረምሳው ራሱ ሳቀ። ዋጋውን ቀንሶ ሸጠና ሁለቱ አማቾች ተቃቅፈው ሄዱ። አንዱ ሌላውን አታለለኝ ብሎ የሚጣላበት ምክንያት አልቀረማ! ሰው የሚወደው ለዚህ ነበር። እኔም እወድለት ነበር።

ሻጩ በሌለበት ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። የሰው ንብረት ባለቤቱ በሌለበት መንቀፍ ሐሜት ነው ባይ ነው። ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው። «መኪናውን የሚያማ ባለቤቱን ያማል» ይላል። ወዳጅ ቢለምነው፣ ባለሥልጣን ቢያስፈራራው ያው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። የሱ ዝምታ አልነቀዘም፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ።

የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ነክቷል። እኔ በዚያ ሰሞን ለሠርግ የሚከራይ መኪና ልግዛ ብዬ ተነስቼ ነበር። ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ፤ ዋጋቸው እኩል ነው። አንዷ ትንሽ፣ ያረጀች የጃፓን መኪና ናት። ነዳጅ ቀመስ አድርጋ ትሄዳለች፣ ዕቃዋ በየሱቁ ተንጠልጥሏል፣ ማንም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራታል። ግን የትኛዋ ሙሽራ ናት እሷ ውስጥ የምትገባው? ሁለተኛው ጥቁር የጀርመን መኪና ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ፣ መቀመጫው ከዳር እስከ ዳር ቆዳ። ነዳጁን ረገጥ ስታደርገው ጀርባህን ከመቀመጫው ጋር ያጣብቅሃል። ባለቤቱ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ነው፤ የቡና መግዣ ወቅት ስለደረሰ ለጥሬ ገንዘብ ቸኩሏል።

አመዛዘንኩ። ማመዛዘን ከተባለ ነው እንግዲህ። ይህ መኪና ቢበላሽ ጥገናው ከባድ መሆኑን አላጣሁትም፤ ሠርጉ ይሸፍነዋል አልኩ። ሞተሩንም ራሴ አዳመጥኩት። የቡና ገበሬ ልጅ አይደለሁ? አባቴ ጀንፈል፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ሲገዛ አንድ እፍኝ ዘግኖ ጆሮው ላይ ያንሿሿል፤ ከድምፁ መድረቅ አለመድረቁን ያውቃል፣ በእፍኙ ጆንያውን ይፈርዳል። እኔም ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጌ በአንድ እፍኝ ድምፅ መኪናውን ሙሉ ፈረድኩት። ልስልስ ያለ ድምፅ ነው፤ ጥሩ አድርጎ የደረቀ ነው አልኩ። የሞቀ ሞተር ላይ ወፍራም ዘይት ሲጨመርበት ሁሉም እንዲህ ልስልስ እንደሚል ያኔ ማን ነገረኝ? የሚሰማኝ ካለ እውነቱን ልናገር፤ ሰው ዘወር ብሎ እንዲያየኝም አምሮኝ ነበር።

ገንዘቡን ያገኘሁት የአባቴን የሰቃ ቡና ለአጎቴ ልጅ ለሙደሲር አሳልፌ ሰጥቼ ነው። ሩብ ሄክታር አትሞላም፤ አባቴ በእጁ የተከላት፣ ከሞተ በኋላ ለእኔና ለልጆቼ የቀረችን እሷው ብቻ ነች። ከሙደሲር ጋር የተነጋገርነው በቃል ነው። ከርሞ ቡናው ሳያብብ ገንዘቡን ከመለስኩለት መሬቷ የእኔ ናት። ካበበ በኋላ የሱ ናት። አንድ ዓመት ከምናምን ማለት ነው፤ በአንድ ዓመት ስንት ሠርግ አለ! መኪናው ራሱ መሬቱን ያስመልሳል አልኩ።

ከመክፈሌ በፊት ግን አባ ነስሩ ይየው ብዬ ሻጩን ለመንኩት። «አጋሮ ቡና እየተገዛ እኔ ጅማ ጋራዥ ልቁም?» አለና ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። ብቻዬን ነድቼ ዋንዛው ሥር አቆምኩት። አባ ነስሩ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ መጣ።

«ባለቤቱስ?» አለኝ።

«አልመጣም። ቡና እየገዛ ነው፤ ጊዜ የለኝም አለ።»

«እንግዲያው እኔም መኪና አላየሁም።»

«ማሎ፣ እባክዎ አባ ነስሩ! ነገ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው። ኮፈኑንም አይክፈቱ። ግዛ ወይም አትግዛ ብቻ ይበሉኝ።»

«ያ ከማል፣ የሰው ሀብት በሌለበት አላማም። ይዘኸው ና። ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ነኝ።»

«የሰቃውን መሬት ሰጥቼ ነው የምገዛው» አልኩት። ይህን ከሙደሲር ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ለእሱ ነገርኩት።

የፊቱን ጎማ ረጅም ጊዜ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ወላሂ ተንቀሳቅሷል፤ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቅዳሜ ሰጋቱራ ይኖራል?»

እኔ ቂሉ ይህን እንደ ጥሩ ምልክት ወሰድኩት። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ቢያንስ ራሱን ይነቀንቅ ነበር አልኩ፤ ስለ ሰጋቱራ የሚያወራው ልቡ ሰላም ቢሆን ነው አልኩ። በማግስቱ ከፈልኩ። ለሚስቴ ለዘሀራ የነገርኳት ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ነው። ቁልፉን አየችው፣ እኔን አየችኝና «የሰቃውን?» አለች። «እናስመልሰዋለን» አልኳት። ቁልፉን ገፋ አድርጋ እራት አቀረበች።

መኪናው ሦስት ሠርግ ሠራ። በሦስቱም ልቤ እንደ ፊኛ ተነፋች። አራተኛው ሠርግ ወደ አጋሮ ነበር። ሙሽራይቱና ሚዜዋ ከኋላ ቆዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ እኔ በከረቫት እነዳለሁ። አጋሮ ሳንደርስ ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌዋ ተነሳች። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጭስ ተትጎለጎለና ሞተሩ ቀጥ አለ። ለመንገደኛ ሚኒባስ እጅ አነሳን። ሙሽራይቱ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ፣ ዶሮ ከያዘ ሰውዬ ጎን ተቀምጣ ወደ ሠርጓ ሄደች። የሙሽራው አጎት ተመልሶ መጥቶ «ሠርግ ላይ ሬሳ ይዘህብን መጣህ» አለኝ። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሙሽራ አልጠራኝም።

በጭነት መኪና አስጎትቼ ዋንዛው ሥር አደረስኩት። አሁን እንግዲህ ባለቤቱ እኔ ነኝ፤ ሕጉ ተሟልቷል። ኮፍያውን ሰቀለ፣ ፈታታ፣ አየ፣ መልሶ አደረጋት።

«የሞተሩ ራስ ተጣሟል። ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ዳግም ተቃጥሏል» አለ።

«ዳግም?»

«ዳግም።»

«ያውቁት ነበር ማለት ነው?»

«ክረምት ላይ ባለቤቱ እዚሁ አምጥቶት ነበር። ሁሉንም ነግሬዋለሁ።»

«ለእሱ ነገሩት! ለእኔስ?»

«ባለቤቱን ይዘህ ና አልኩህ፤ አልኩህ ወይስ አላልኩህም? አላህ በአፌ ይጠይቀኛል፣ ከማል።»

«በእኔ መሬትስ ማንን ነው የሚጠይቀው?» ብዬ ጮህኩ። ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ሰብስቦ ቆመ። እሱ ጀርባውን ሰጠኝና መፍቻዎቹን በየቁጥራቸው መደርደር ጀመረ።

እስቲ ፍረዱኝ። አንዲት ቃል ነበረች። «ተው» ቢለኝ ይበቃ ነበር። ያቺን ቃል አፉ ውስጥ ይዟት ቆይቶ ዋጣት፤ የዋጣት ደግሞ ለራሱ ጀነት ነው። የሱ አፍ ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ የእኔ ልጆች መሬት ሄደ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀለኝ ነበር። ከሻጩ ጉቦ በልቶ ቢሆን ሄጄ ፊቱ ላይ እተፋ ነበር፤ ሰውም «ደግ አደረግክ» ይለኝ ነበር። ንጹሕ ሰውን የት ወስደህ ትከሰዋለህ?

ጥገናው ክረምቱን ሙሉ ፈጅቶ በጋው ገባ። እኔ ሁሉን የምቆጥረው በቁም ሳጥን ነው። አንዲት ጣት የምታክል ሴንሰር ሁለት ቁም ሳጥን ወሰደች። ያውም ከአዲስ አበባ መጥታ፣ አይደለችም ተብላ ተመልሳ፣ ሌላዋ ከዱባይ በሰው ሻንጣ እስክትገባ አርባ ቀን ጠብቄ። ቱርቦው አሥራ አንድ አልጋ በላ። አንዱ ሲጠገን ሌላው ይታመማል፤ ልክ ተራ ይዘው የቆሙ ይመስላሉ። የምጠርበው እንጨት ሁሉ ለዚያ ብረት ሆነ። አባ ነስሩ የእጅ ዋጋ አልቀበልም አለኝ። ይኸኛው ከሁሉ በላይ አናደደኝ። ብሩን መፍቻ ሳጥኑ ላይ ወርውሬለት ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ሁለት ጆንያውን ይዞ ሥራ ቤቴ ደጃፍ ቆመ።

«ሰጋቱራ የለም» አልኩት። ይህን ስለው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰጋቱራ ውስጥ ቆሜ ነው።

ክምሩን አየ። እኔን አየ። «እሺ» አለና ጆንያዎቹን አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ። ዳግመኛ አልመጣም። እኔም በሰቶ ሰመሮ ማለፍ ሲኖርብኝ ዞሬ በሌላ መንገድ እሄድ ነበር።

ጥር ላይ መኪናው ተነስቶ መሄድ ቻለ። የቡናው ማበቢያ ከአንድ ወር ብዙ አልቀረውም። ሸጬ መሬቴን ላስመልስ ቆረጥኩ። ገዢ አገኘሁ፤ ታምራት ይባላል፣ ከሆሳዕና የመጣ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ጨዋ፣ ጸሎተኛ፣ ሚስቱ እርጉዝ። ከካሜራው ጋር መኪናም አብሬ ላከራይ ብሎ ከአገሩ የድርሻውን በሬና መሬት ሸጦ መጥቷል። ዋጋ ተስማማን። በመጨረሻ ላይ ግን «ጋሽ ከማል፣ ጌታ ይባርክዎት፣ አንድ ነገር ብቻ፤ አባ ነስሩ የሚባሉ ሽማግሌ ያዩልኝና እንጨርሳለን» አለኝ።

እምቢ ብል ይጠረጥራል። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ የሄድኩት ጥርጣሬውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ይህ ሽማግሌ የእኔ ዕዳ አለበት፤ ቢያንስ ቃሉን ያለሳልሳል ብዬ ነው። ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ሁለታችን ዋንዛው ሥር ቆምን። አባ ነስሩ እኔን ሲያይ ደነገጠ። ከዚያ ኮፍያውን ሰቀለ።

«ያ ከማል፣ ክፈት። ያንተ ነው» አለኝ።

ከፈትኩ። አዳመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየብኝ። ኮፍያዋን መልሶ አደረጋት። ወደ ታምራት ዞረ።

«ልጄ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። የሞተሩ ራስ በድጋሚ ተልጧል፣ ከእንግዲህ አይላጥም። ካምቢዮው መንሸራተት ጀምሯል፤ ዓመት አይሞላውም። ዕቃው...» አለና ቆመ። እኔን አየኝ። በዓይኔ ለመንኩት። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ ለምኜ አላውቅም። «ዕቃው ዱዓ ነው» አለ።

ታምራት አመስግኖት ሄደ። እኔንም አመሰገነኝ፤ «እንዲህ ዓይነት ቦታ ይዘውኝ ስለመጡ» ብሎ! ያቺኑ ትንሽ የጃፓን መኪና የመሰለች ገዛ። ዛሬም ሲያልፍ ጡሩምባ ነፍቶ ሰላም ይለኛል፤ ልጁ ተወልዶ ድክ ድክ ማለት ጀምሯል። አባ ነስሩ ለስለስ አድርጎለት ቢሆን ታምራት ዛሬ እኔን ይሆን ነበር። ይህን አውቃለሁ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ግን ያችኑ እውነት ለእሱ ሲሆን ፊት ለፊቴ ዘርግፎ፣ ለእኔ ሲሆን የዋጣት ምላስ አንድ ናት። ዝም ሲል መሬቴን ሰጠሁ፤ ሲናገር ማስመለሻዬን አጣሁ። በሁለቱም ጊዜ እሱ ትክክል ነው፣ በሁለቱም ጊዜ ከሳሪው እኔ ነኝ።

ቡናው አበበ። ሙደሲር ቃሉን ጠበቀ፤ አንድ ቀን አልጨመረልኝም። በዚያው ክረምት ቡናውን ከነሥሩ ነቅሎ ጫት ተከለበት። የሰቃ ሰው መጥቶ ሲነግረኝ አላመንኩም። ሄጄ አየሁት፤ የአባቴ ግንዶች ለማገዶ ተከምረዋል። መኪናው ጓሮዬ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ቆሟል። የኋላውን የቆዳ መቀመጫ ነቅዬ ሥራ ቤቴ ውስጥ ለደንበኛ መቀመጫ አድርጌዋለሁ።

ወደ ቀብሩ ሄድኩ፤ ባልሄድ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ነበር። ከሶላቱ በኋላ ሼኹ ቆሙና እንደ ወጉ «ሐቅ ያለበት ይናገር፤ ያስቀየማችሁ ካለ አፉ በሉት» አሉ። «አፉ ብለናል! አፉ ብለናል!» አለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ። ይቅርታው ከጎኔ፣ ከፊቴ፣ ከኋላዬ ወጣ። እኔ አፌን ዘግቼ ቆምኩ። ቀና ስል የበኩር ልጁ ነስሩ በቃሬዛው ማዶ ሆኖ ያየኛል።

በሦስተኛው ቀን ነስሩ ሥራ ቤቴ መጣ። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ጨዋ ልጅ ነው፤ አሁን ጋራዡን የያዘው እሱ ነው። ሳያውቅ ቆዳው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሽ ከማል፣ እርስዎ አፉ እንዳላሉት አይቻለሁ። አልወቅስዎትም» አለኝ። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ምናልባት ልብዎን ቢያሳርፈው ብዬ ነው።»

«ተናገር።»

«አባቴ ያን ደንቡን ትቶት ነበር። ያ የሆሳዕናው ልጅ መኪናዎን ትቶ የሄደ ቀን ማታ እቤት ገብቶ አለቀሰ። በማግስቱ አንድ ሰው ብቻውን መኪና ይዞ መጣ። 'አትግዛ' አለው፣ ባለቤቱ በሌለበት። ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ ይናገር ነበር። ሼኹንም ጠይቋል፤ ሰው እንዳይጎዳ ማስጠንቀቅ ሐሜት አይደለም ብለውታል። 'አንድ ሰው መሬት አሳጥቻለሁ' ይል ነበር።»

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎን ሲያይ ያፍር ነበር።»

ልቤን ሊያሳርፈው ነው እንግዲህ! ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዴት እንደቻልኩት ላስረዳችሁ። ደንቡ የአላህ ነው፣ ሰውየው ሊሽረው የማይችል ነገር ነው፣ እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ ቆሜ ተገኘሁ ብዬ ነበር የቻልኩት። በጎርፍ ይቀየማሉ እንዴ? አሁን ልጁ መጥቶ የሚነግረኝ ጎርፍ አለመሆኑን ነው። ሲፈልግ እንደ ሲጋራ የሚተወው ልማድ ነበር! አንድ ሼኽ ጋ ሄዶ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ሊጠይቅ ትዝ ያለው የእኔ ቡና ካለቀ በኋላ ነው። ከእኔ በኋላ የመጣው ሁሉ «አትግዛ» ተባለ። የመጨረሻው ያልተባለ ሰው እኔ ነኝ።

«ጋሽ ከማል፣ አፉ ይበሉልኝ» አለ ነስሩ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እምቢ ለማለት ወኔው አነሰኝ፤ እሺ ማለትም አልሆነልኝም።

«ነገ ና» አልኩት።

በነጋታው መጣ። ከመጋዙ ኋላ ተደብቄ ዘሀራን የለም በይው አልኳት። የለም አለችው። በማግስቱም መጣ፤ የለም አለችው። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መልሳው ስትገባ በሩን በቀስታ ዘጋችና ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ለአንድ 'አትግዛ' ስንት ዓመት ተቀየምከው?» አለችኝ።

«መሬቴን ነው ያሳጣኝ!»

«መሬታችንን» አለች ዘሀራ። ድምፅዋን አላነሳችም። «እሱስ ሳይነግርህ ቀረና፣ ልጁ እንደነገረኝ፣ እስኪሞት አለቀሰ፤ ልጁንም እዚህ ያመላልሰዋል። አንተ ሳትነግረኝ ሄደህ ሰጥተህ መጣህ። እኔን አንድ ቀን አፉ በይኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

ይህን ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ነስሩ ነገም ይመጣል፤ እሱን የለም አስብዬ እመልሰዋለሁ። ዘሀራ ግን እዚሁ ናት።